የክንፉ ስር ክዳን አልተኛ አለኝ

ሰላም ወገኖች። አርቪ-7 የምትባለዋን ባለሁለት ሰው አውሮፕላን ጋራዥ ውስጥ እየሠራሁ ነው፣ ግራ ክንፍ ላይ ደርሻለሁ። ያስቸገረኝ ከታች በኩል ያለው ክዳን ነው፣ አይለሮኑን (ክንፉ ጀርባ ላይ ያለውን፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) የሚያንቀሳቅሰውን ክንድ ለማየት የሚከፈተው። የብሎኖቹ ጭንቅላት እንዲሰምጥ የቀዳዳዎቹን ዙሪያ ከማጎድጎዴ በፊት ልክክ ብሎ ይገጥም ነበር። አሁን በብሎኖቹ መሀል ያለው ጠርዝ ብድግ ብሎ ጥፍር ያስገባል፣ ባጠብቀው ደግሞ ይብሳል። ብሎኖቹ የሚጠብቁባቸው ዳዶዎች በሪቬት (ቆርቆሮ የሚያያይዝ ተመትቶ የሚደፈጠጥ ሚስማር) የተያዙበት፣ ከክዳኑ ጀርባ ያለው ማጠናከሪያ ቀለበት ላይ ያለው ጉድጓድ ጠቦ ይሆን ክዳኑን ወደ ውጭ የሚገፋው? ወይስ ጠርዙን ትንሽ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይበቃል? ቀለበቱን እንደገና ማጎድጎዱን ደግሞ ፈራሁ፣ ቆርቆሮው ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው እንዳይሰፋብኝ። የታችኛውን ቆርቆሮ ሪቬት መትቼ ከመዝጋቴ በፊት ነው መልሱ የሚያስፈልገኝ። የሠራችሁት ካላችሁ በፎቶም ቢሆን አሳዩኝ፣ እባካችሁ።