ታሪኩ ሲነበብ ልጄ ከክፍል ትውጣ?

መነሻ፦
ነገሩን ላልሰማ ባጭሩ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ በ2022 የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያለባቸውን የሥዕል መጻሕፍት ለትንንሾቹ ክፍሎች አስገባ። ማርች 2023 ላይ «የኔ ልጅ ይውጣልኝ» ማለት አይቻልም ተባለ። ያኔ ሮክቪል ላይ ሰልፍ ከወጡት ሙስሊም ወላጆች ጎን የኛ ኦርቶዶክሶችም ነበሩ። ጁን 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 ለወላጆች ወሰነ፤ ክሱ እልባት እስኪያገኝ ቦርዱ አስቀድሞ ያሳውቅ፣ የፈለገ ወላጅ ልጁን ያስወጣ አለ። ከመጻሕፍቱ አንዱ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ የወደደቻትን የክፍል ጓደኛዋን አስባ የቫለንታይን ካርድ ስትሠራ የሚተርክ ነው። መብቱን አግኝተናል። እንጠቀምበት ወይ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ አስወጣለሁ። ማንንም ጠልቼ አይደለም። ትንሿ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ሁለት ፈረቃ ሠርቼ ስገባ ነቅታ የማገኛት ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ እምነታችን የምነግራት በዚያች ሰዓት ነው። አስተማሪዋ ግን ቀኑን ሙሉ አብራት ናት። ይህን ነገር መጀመሪያ ከኔ አፍ ትስማው። ቦርዱ የሚወጡት ልጆች በዙብኝ አለ። ከበዙ እኮ ወላጁን ጠርቶ ማነጋገር ነበረበት።

እዚሁ ያደግኩ፦
እትዬ፣ መብትዎን አልነካም። ሳያሳውቁ ማንበባቸውም ልክ አልነበረም። ግን ክፍሉ ውስጥ እንደኔ ያለች ልጅ ልትኖር ትችላለች። 13 ዓመቴ ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ከጎኔ የምትቆም ልጅ ነበረች። ነጠላዋ ትከሻዬን ሲነካኝ መዝሙሩ ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ደብተሬ ጥግ ላይ ስሟን በትንሹ ጻፍኩ። ወዲያው ደነገጥኩ። ገጹን ቀድጄ፣ ቤት ሳልደርስ አኝኬ ዋጥኩት።

ጓደኞቼ የመጀመሪያ ፍቅራቸውን ሲያነሡ ይስቃሉ፣ ይናፍቃሉ። እኔም እናፍቃታለሁ። ግን ትዝ ባለችኝ ቁጥር ያ ፍርሃት አብሮ ይመጣል። ያኔ ያን የካርድ ታሪክ ባነብ ኖሮ ሌላ ሰው አልሆንም ነበር፤ የወደድኩትም ያንኑ ነበር። ወረቀቱን ግን አልበላም ነበር።

አባት፣ ጀርመንታውን፦
እህቴ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። ግን አንቺ 13 ነበርሽ። እዚህ የተያዘው ገና ማንበብ ስለሚለምድ ሕፃን ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጥ ብትዪኝ አልከራከርሽም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም አስወጣለሁ ያልኩትን አላነሣም። ግን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ያኔ ምን ብትልሽ ትነግሪያት ነበር?

እዚሁ ያደግኩ፦
ቤታችን ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው የሚነሣው ሲረገም ብቻ ነበር። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ እኔ ፈንዲሻ እያዞርኩ እሰማለሁ። እናቴ አንዴ እንኳ «እሱም የሰው ልጅ ነው» ብትል እነግራት ነበር። ልጅዎን ያስወጡ፣ ግድ የለም። ግን ማታ «እማዬ፣ ለምን ወጣሁ?» ስትልዎት የሚመልሱላትን ከወዲሁ ያስቡበት። ክፍሏ ውስጥ ሁለት እናቶች ያሏት ልጅ ካለች፣ በማግስቱ አብረው ነው ምሳ የሚበሉት።