የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ኮርስን ለሁሉም ተማሪ እንዲሆን አድርጎ ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ (የሕግ መምህር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ሴሚስተር የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለ74 ተማሪዎች አስተምራለሁ። ሁለቱ ዓይነ ስውራን ናቸው፤ አንዷ መስማት የተሳናት ናት። አብዛኞቹ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆነም ብዙ አሉ። በእጄ ያለው ከነጋሪት ጋዜጣ ስካን የተደረገ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እና በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ የአማርኛ ሃንድአውት ነው። ምዘናው ሚድ 40፣ ፋይናል 60፣ ሁለቱም በእጅ ጽሑፍ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ መፍትሔ ከመፈለግ ኮርሱን ከመነሻው ሁሉን አካታች አድርጌ ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ፊደል ለቃሚ፦
ሰላም መምህር። ከሃንድአውቱ ይጀምሩ፤ ችግሩ የሚታየው ለማያይ ተማሪ ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። አንድ አንቀጽ መርጠው ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይቀይሩ። ፊደሉ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተበተነ ጽሑፉ ዩኒኮድ (በየትኛውም መሣሪያ የሚነበበው የፊደል ሥርዓት) አይደለም፤ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ ለሚያነብ ፕሮግራም) ግን ትርጉም የሌለው ኮተት ነው። በስልክም በትክክል አይነበብም፣ ፍለጋም አይሠራበትም። ስለዚህ የሚጎዱት ሁለት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም።

ወደ ዩኒኮድ ሲቀይሩ ፋይሉን በሙሉ አንድ ላይ አይቀይሩ። የድሮዎቹ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ስለሚጠቀሙ፣ በመሃል ያሉት የእንግሊዝኛ ቃላትም አብረው ወደ ትርጉም አልባ ግዕዝ ይለወጣሉ። በዎርድ ፍለጋ ውስጥ በፎንት ስም እየመረጡ የአማርኛውን ብቻ ይቀይሩ። ከዚያ ሁለት ነገር ያጽዱ፦ በሁለት ነጥብ ተደጋግሞ የተጻፈውን (፡፡) በአንዱ አራት ነጥብ (።) ይተኩ፤ አለዚያ ለኮምፒውተሩ ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። ሁለተኛው በዜሮ ፈንታ የገባው ፊደል «ዐ» ነው። «3ዐ ቀናት» ተብሎ የተጻፈውን ዓይን ሠላሳ ብሎ ያልፈዋል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ሦስት ብሎ ፊደል ይጨምርበታል። በሕግ ኮርስ ላይ የጊዜ ገደብ መሳት ቀላል ነገር አይደለም።

ነጋሪት ጋዜጣውን በተመለከተ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሆነ ከስካን ምስል ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሮግራም መስመሮቹን ያቀላቅላቸዋል። በ300 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ፣ ገጹን መሃል ለመሃል ቆርጠው የአማርኛውን ዓምድ ለብቻ፣ የእንግሊዝኛውን ለብቻ ያስነብቡ። ቴሰራክት የተባለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው፤ በነጻ ነው። ውጤቱን ሰው ማረም አለበት፤ በተለይ አ እና እ፣ ለ እና ሰ ይምታታሉ።

በመጨረሻ በዎርድ የርዕስ ስታይሎች ክፍሉን ሄዲንግ 1፣ ምዕራፉን ሄዲንግ 2፣ እያንዳንዱን አንቀጽ ሄዲንግ 3 ያድርጉ። ፊደሉን ማድመቅና ማተለቅ ብቻውን አይበቃም። ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ተማሪ በሄዲንግ እየዘለለ አንቀጽ 39 ላይ በሰከንዶች ይደርሳል፤ ያለ ሄዲንግ ግን አዋጁን ከላይ ጀምሮ መስማት ነው። ኤንቪዲኤ በነጻ የሚገኝ ሲሆን አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ፒዲኤፍ ካስፈለገ «ፕሪንት» ብለው ሳይሆን «ሴቭ አዝ» ብለው ያውጡት፤ በፕሪንት ሄዲንጉ ይጠፋል። የዎርዱንም ፋይል አብረው ይስጡ።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፦
መስማት ለተሳናት ተማሪ ዋናው ነገር አስቀድሞ መላክ ነው። የሳምንቱን ቃላት ዝርዝርና ስላይድ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ለተማሪዋም ለአስተርጓሚውም ይላኩ። የስንብት ክፍያ (አንቀጽ 39) እና ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ለተሰናበተ ሠራተኛ የሚከፈል ካሳ (አንቀጽ 43) በአንድ ምልክት ሊያልፉ ይችላሉ። ያኔ ተማሪዋ ሁለቱን ብታምታታ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አስተርጓሚውና ተማሪዋ አስቀድመው በየምልክቱ ይስማሙ።

ክፍል ውስጥ ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ አይናገሩ። ስላይድ ሲቀይሩ ለማንበቢያ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይበሉ፤ አስተርጓሚውንና ስላይዱን እኩል ማየት አይቻልም። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ክፍለ ጊዜ አንድ አስተርጓሚ ብቻውን አይበቃም፣ ሲደክም የሚዘለው ይበዛል። ሁለት ሆነው በየ20 ደቂቃው ቢቀያየሩ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ካልተገኘ መሃል ላይ 10 ደቂቃ እረፍት ያስገቡ።

ምዘና ላይ የሚሠራ፦
መጀመሪያ የሚመዝኑት ምን እንደሆነ ይለዩ። በዚህ ኮርስ የሚፈለገው ጭብጥ ማውጣት፣ አንቀጹን ማግኘት፣ በፍሬ ነገሩ ላይ መተግበር ነው። ፈጥኖ በእጅ መጻፍ ከዓላማው ውስጥ የለም፤ ፈተናው ግን እሱን ጭምር እየመዘነ ነው።

እኔ እንዲህ እከፍለው ነበር፦ ሦስት የክስ ትንተና እያንዳንዳቸው 15፣ አጭር ክዊዝ 15፣ ፋይናል 40። ከትንተናዎቹ አንዱን ማንኛውም ተማሪ በጽሑፍ ወይም እስከ 8 ደቂቃ በተቀዳ ድምፅ ማቅረብ ይችላል። የማረሚያ መስፈርቱ አንድ ነው፤ «የጽሑፍ ጥራት» የሚል ነጥብ ካለበት ግን በድምፅ ያቀረበው ያለጥፋቱ ይቀነስበታል፣ ስለዚህ ይውጣ። ፋይናሉን በ1 ሰዓት ተኩል ለሚያልቅ ሥራ 2 ሰዓት ተኩል መድበው ለሁሉም ይስጡ። የጊዜ ጭማሪ ጥያቄው በአብዛኛው ይቃለላል፤ ያም ሆኖ ለሚያስፈልገው ይጨመርለት።

ለዓይነ ስውራኑ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ላፕቶፕና ኤንቪዲኤ፣ ወይም አንባቢና ጸሐፊ፤ ምርጫው የእነሱ ይሁን። ጸሐፊው የሕግ ተማሪ አይሁን፤ አማርኛና እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያነብ የሌላ ዲፓርትመንት ሰው ይሁን። ክፍሉም የተለየ ይሁን፣ ጮክ ብሎ መልስ መናገር አለና።

ጠያቂ (የሕግ መምህር)፦
እናመሰግናለን። ባልደረቦቼ «ይህ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው» ይሉኛል። ቋንቋውና የኢንተርኔት ወጪውስ?

ምዘና ላይ የሚሠራ፦
የጥያቄው ክብደትም መስፈርቱም አልተነካም፤ የተነካው መግቢያው ነው። ካስት የተባለው የአሜሪካ የትምህርት ድርጅት ያዘጋጀው የዩዲኤል (ሁሉን አካታች የትምህርት ዝግጅት) መመሪያም በሦስት ምሰሶ የቆመ ነው፦ ተማሪው ትምህርቱን የሚያገኝበት፣ ያወቀውን የሚያሳይበትና የሚነሳሳበት መንገድ ከአንድ በላይ ይሁን ይላል። ግቡን ዝቅ አድርጉ አይልም። ኢትዮጵያም በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ያለ አድልዎ ከፍተኛ ትምህርት የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። እንደ ሕግ ክፍል ይህን መከራከሪያ ማንሳት አይከብዳችሁም።

ፊደል ለቃሚ፦
የቋንቋው ጉዳይ በሕግ ትምህርት ከባድ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛው ዓምድ ብቻ የሚያጠና ተማሪ ሳያውቀው ይጎዳል። ለየሳምንቱ ከ15 የማይበልጡ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ፣ ከአንቀጽ ቁጥራቸው ጋር በሠንጠረዥ ያዘጋጁ። በሠንጠረዡ ውስጥ ሴሎችን አያዋህዱ፣ ስክሪን ሪደር ይስታል።

ለወጪው፣ ድምፅ በሞኖ 32 ኪሎቢት ከተቀዳ 1 ሰዓቱ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቪዲዮ አይልኩ። ፋይሎቹን በቴሌግራም ሲለቁ «አንቀጽ 23 እስከ 44» ብለው ይሰይሟቸው፤ «ፋይናል ፋይናል 2» የሚል ስም የትኛውን ማውረድ እንዳለበት ለማንም አይነግርም።

ጊዜ ካጠረዎት መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ንባብ ብቻ አስተካክለው ይልቀቁ፣ ቀሪውን ሴሚስተሩ እየሄደ። ከመልቀቅዎ በፊት ግን ከዓይነ ስውራኑ አንዱ አንድ ምዕራፍ በራሱ መሣሪያ ይክፈተውና አንቀጽ 27ን ፈልጎ ያግኝ። ካላገኘው ሄዲንጉ አልተሠራም ማለት ነው።