«ፊደል ቆጠረ» ሲባል ምን ማለት ነው? ንጉሡ ሠስ ምኑ ነው ንጉሥ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ቅዳሜ ከፒያሳ ለልጄ ባለሥዕል የፊደል ገበታ ገዛሁላት። በ ላይ በግ፣ ደ ላይ ደብተር። ሠ ላይ ግን ሰዓት! «ይቺ ንጉሡ ሠ ናት» ስላት «እማ፣ ምኗ ነው ንጉሥ?» አለችኝ። አፌን ያዝኩ። ደግሞ ፊደል ይጻፋል፣ ይነበባል፤ ለምን «ይቆጠራል» እንላለን?

መልስ፣ ከሐይቅ፦
እህቴ፣ ሰዓቱ ስህተት ነው። ሰዓት የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። ፊደሏ ንጉሥ የተባለችው «ንጉሥ» በሷ ስለሚጻፍ ነው። ብዙኃኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀም እንደዚያው። ሐመሩ ሐ ደግሞ መርከብ ነው፤ ግዕዙ ሐመር ይለዋል። ልብ በይ፣ ፊደሏ የግድ ቃሉን አትጀምርም። ንጉሥ ላይ መጨረሻ፣ እሳት ላይ መሐል ናት። የዛሬ ገበታ ሠዓሊዎች ግን በፊደሏ የሚጀምር ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ቆጠራው ከየኔታ ደጅ የመጣ ይመስለኛል። በስንደዶ እየነካን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያልን ነበር የምንወርደው። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231፤ አንዷን ብትዘል የኔታ ያውቃሉ! ከገበታው ወደ ንባቡ፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ስንገባም መጀመሪያ የምናነበው ፊደል በፊደል ነው፤ እሱም «ቁጥር» ይባላል። አሁን «ፊደል የቆጠረ» የተማረ ሰው ነው። ለወቀሳም ይሆናል፦ «ፊደል ቆጥሮ እንዲህ ይሠራል?»

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እኛም አንድ ላክልበት። ቁርኣን ቤት ገበታው ሉህ ነው። ጠፍጣፋ እንጨት፤ ትጽፊበታለሽ፣ በቃልሽ ስትይዢው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ቃሉ ከዐረብኛ ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ «የተመን ሉህ» የሚሉት ወላሂ ያው የኛው ሉህ ነው! የወሎ ሸኾች ደግሞ አማርኛውን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፣ ዐጀም ይባላል። እዚያ ሠ እና ሰ አያጣሉም።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺም ኑሪልኝ። ሰዓቱ ላይ ወረቀት ለጠፍኩበት። ልጄ እርሳስ አንስታ ከ ሠ ሥር ፊት ሣለችበት፣ ዓይንና ጢም ጨመረችለት። ሦስቱ ጫፎች ዘውድ ሆነው ቁጭ አሉ።