ባሌስትራ ካስጨመርኩ ሕጋዊ ጭነቴ ይጨምራል?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። አንድ ኤንፒአር አይሱዙ አለችኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላንና ዱከም ብሎኬትና አሸዋ እሠራባታለሁ። ሊብሬዋ ላይ 35 ኩንታል ይላል። ሰሞኑን ጋራዥ ስገባ "ኋላ ሦስት ሦስት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ሞላ) እንጨምርልህ፣ ስፖንዳውንም (የጭነቱን ዙሪያ ግድግዳ) ግማሽ ሜትር እናስረዝመው፣ ከዚያ 50 ኩንታል ያለ ሐሳብ ትጭናለህ" አሉኝ። እውነት ነው? ወይስ ሚዛን ላይ ያው በ35 ነው የምጠየቀው? ልጆቼን የማሳድገው በእሷ ስለሆነ አጉል ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም።

መካኒኩ ከሰበታ፦
አይጨምርም ወንድሜ፣ እንዲያውም ይቀንሳል። 3 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 23.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስፖንዳውን ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ስታስረዝም 6 ካሬ ሜትር ቢፈጅ 140 ኪሎ ነው፣ ማቆሚያ ብረቱና ባሌስትራው ሲታከልበት 2 ኩንታል ይጠጋል። መኪናዋ ከነጭነቷ ልትመዝን የምትችለው በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ያ 2 ኩንታል የሚነሳው ከጭነትህ ላይ ነው።

ባሌስትራ መኪናዋ እንዳትቀመጥ ያደርጋል እንጂ አክስሉን (ጎማዎቹ የተገጠሙበትን ዘንግ)፣ ፍሬኑን፣ ሻንሲውን (የመኪናዋን አጽም) አያጠነክርም። እስቲ ጎንበስ ብለህ ጎማህን እየው። መጠኑ ሰባት ሃምሳ በአስራ ስድስት (7.50-16) ከሆነ ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ 122/118 የሚል ጽሑፍ አለ። 118 ማለት ጥንድ ሆኖ ሲገጠም አንዱ ጎማ 1,320 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ኋላ አራት ናቸው፣ በድምሩ 5,280 ኪሎ። ከዚህ ላይ የመኪናዋን የራሷን የኋላ ክብደት ቀንስ። ባሌስትራ ብትደረድር ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

የድሮ ሾፌር፦
ልጄ፣ እኔ ያስፈራኝን ልንገርህ። ባሌስትራ የተጨመረባት መኪና ይዤ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑ ሸተተኝ፣ ከዚያ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። በማርሽ ይዤ፣ በእጅ ፍሬን እየታገልኩ ዳር አስያዝኳት። ጉዱ ምን መሰለህ፣ መኪናዋ ኋላዋ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ከልክ በላይ የጫንኩ አልመሰለኝም ነበር። ድሮ ሲበዛባት ቁጭ ትልና ትነግረኝ ነበር። ባሌስትራው ያንን ምልክት ነው የሚወስድብህ። ስፖንዳ ሲረዝም ደግሞ ጭነቱ ወደ ላይ ይከመራል፣ ኩርባ ላይ ትናጣለች።

መንገድ ነው ሥራዬ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሰው "ለአንድ አክስል 10 ቶን ይፈቀዳል" ሲባል ሰምቶ የሱም አይሱዙ የተፈቀደላት ይመስለዋል። ያ መንገዱ የሚችለው ነው፣ መኪናህ የምትችለው ሌላ ነው፣ ከሁለቱ ትንሹ ነው የሚሠራው። የአስፋልት ጉዳት ደግሞ ከክብደቱ ጋር እኩል አይሄድም፣ ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ (በአራተኛ ኃይል) ነው የሚያድገው፤ አክስሉ ላይ 20 በመቶ ስትጨምር ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ካሶኒ (የጭነት ሳጥኑን) መቀየር የግድ ከሆነብህ ብረት ሳይቆረጥ በፊት መኪናዋ የተመዘገበችበት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፣ ከተበየደ በኋላ ለቦሎ ስትቀርብ ነው ጣጣው የሚመጣው።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ። ጎማዬን አሁን አየሁት፣ 122/118 ይላል። ስፖንዳውን ትቼዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ባዶዋን ላስመዝናት ነው።