ለ13 ዓመቷ ልጄ የመጀመሪያ የአጋዘን ጠመንጃ የቱን ልግዛ?

የሩት አባት፣ አውሮራ (ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ልጄ ሩት 13 ዓመቷ ነው። አጠር ያለች ናት፣ ክብደቷ 41 ኪሎ። የጎረቤታችን ልጆች ከአባታቸው ጋር አጋዘን አደን ሲሄዱ እያየች ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነችኝ። ዘንድሮ እሺ አልኳት። የአዳኞችን ትምህርት ጨርሳ ካርዷን ይዛለች።

እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት። አያቴ ምንሽር ነበራቸው። አንድ ቀን አስተኮሱኝና ትከሻዬ በልዞ ሳምንት ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር ትከሻዬን እይዝ ነበር። ልጄ ላይ ያ እንዲደርስ አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባል ኃይለኛ ጠመንጃ አወጣልን። «ታድግበታለች፣ ኋላ ለኤልክም ይሆናታል» አለ፤ ኤልክ ከአጋዘን የሚገዝፈው አውሬ ነው። ሩት ስታነሳው አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፋ። ሳልገዛ ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የራሴን .223 ጠመንጃ ላውስህ ብሎኛል። በጀቴ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 700 ዶላር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጋሽ ደሳለኝ፣ ግሪሊ

ወንድሜ፣ እንኳን ሳትገዛ ወጣህ። ያ ጠመንጃ እኔንም ያስጨንቀኛል። «ታድግበታለች» የሚባለው ለጫማም አይሠራም፣ ለጠመንጃ ጭራሽ።

የባልደረባህን .223 አመስግነህ ተወው። ኮሎራዶ ውስጥ ለአጋዘን ከ.24 ካሊበር (የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በኢንች) በታች የሆነ ጠመንጃ በሕግ አይፈቀድም። ጥይቱም ሲመታ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፤ ለአጋዘን ከ70 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ማነስ የለበትም።

ለእሷ የሚሆኑት .243 ዊንቸስተር፣ 6.5 ክሪድሞርና 7ሚሜ-08 ናቸው። እኔ ብሆን .243 እገዛለሁ። ከ1955 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፣ በየሱቁ ይገኛል። ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከ.308 ግማሽ ያህል ነው። ከ.300 ማግነሙ ጋርማ አይወዳደርም። የእኔ ሁለት ልጆች የመጀመሪያ አጋዘናቸውን የጣሉት በእሱ ነው። ክሪድሞሩም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብቻ ይበልጣል። 7ሚሜ-08 ደግሞ ወደፊት ኤልክ ካማራት ይጠቅማታል፤ ግን አሁን የምታድነው አጋዘን ነው።

ምቱን ለምን እንዲህ እንደማከብደው ልንገርህ። ልጅ አንዴ ከተመታ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል። ቃታውን በመጫን ፈንታ ይነጭቀዋል። ከዚያ አጋዘኗ ሆዷን ትመታለች፣ ትሮጣለች፣ ጫካ ውስጥ ስትሰቃይ ታድራለች። ይህን አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁም አደን ተወ። ያንን ልማድ ማስጣል ጠመንጃ ከመግዛት ይከብዳል።

ቤቲ፣ ካስል ሮክ

ጋሽ ደሳለኝ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ልክን ነው። ጥይቱን መርጠህ ልኩን ከሳትክ ያው ነው።

የአዋቂ ጠመንጃ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው አብዛኛውን ጊዜ 13 ኢንች ተኩል ያህል ነው። የልጆቹ 12 ኢንች ተኩል ገደማ። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ለካት። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አንተው አረጋግጥ። ክንዷን ከክርኗ ትጠፍ፣ የሰደፉን ጫፍ በክርኗ እጥፋት ውስጥ አድርግ። የአመልካች ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ሳትለጠጥ ከደረሰ ልኳ ነው። ካልደረሰ ረጅም ነው። ረጅም ከሆነ ወደ ኋላ ተጋድማ ትይዘዋለች፣ መነጽሩም ቅንድቧን ይመታታል። እኔ ቅንድቤ ላይ ጠባሳ አለኝ፤ የባሌን ጠመንጃ የተኮስኩ ጊዜ ነው።

ስለ ክብደቱም ተጠንቀቅ። የልጅ ጠመንጃ ቀላል ስለሆነ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ያው ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲወጣ የበለጠ ይመታል። ሰደፉ ጫፍ ላይ ወፍራም ጎማ ይኑረው። ተሸክማ ስትሄድ ከደከማት ማንገቻ አለ፤ አንተም አለህ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። የምታነጣጥረው በየትኛው ዓይኗ ነው? ሁለት እጆቿን ዘርግታ በመዳፎቿ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ትሥራ። ሁለት ዓይኗን ከፍታ በዚያ ቀዳዳ ራቅ ያለ ነገር ትመልከት። ከዚያ ተራ በተራ ዓይኗን ትጨፍን። ነገሩ ሳይጠፋ የታያት ዓይን እሱ ነው።

የሩት አባት

እህቴ፣ ተባረኪ። አሁኑኑ ሞከርናት። በቀኝ እጇ ነው የምትጽፈው፣ ዓይኗ ግን ግራው ሆኖ ተገኘ! ሦስት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው። አሁን ምን ይሻላል?

ጋሽ ደሳለኝ

በቀኝ ትያዘውና ግራ ዓይኗን ትጨፍን። መነጽር ያለው ጠመንጃ ላይ ብዙ ሰው እንዲያ ይተኩሳል። የግራ ጠመንጃ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ምርጫውም ጠባብ ነው።

ቤቲ

ጋሽዬ፣ በዚህ አልስማማም። ገና አልለመደችም እኮ። ዛሬ በግራ ብትጀምር አንድ ወር አይፈጅባትም። ዓይን ጨፍኖ መተኮስ ለኢላማ ይሆናል፤ አጋዘን ስትንቀሳቀስ ግን ሁለቱም ዓይን ክፍት ቢሆን ይሻላል። የሩት አባት፣ ሳቬጅ አክሲስ የሚባለው ጠመንጃ የግራ እጅ አለው። ዋጋውም በበጀትህ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ግን ትንሿን .22 ጠመንጃ ተዋስና በሁለቱም ትከሻዋ አስሞክራት። የሚመቻትን ራሷ ትነግርሃለች።

.22 ለአጋዘን አይሆንም፣ ለልምምድ ግን የሚወዳደረው የለም። ምት የለውም፣ ጥይቱ ርካሽ ነው። በርከት አድርጋ ትተኩስበት። .243ቱን በቀን ከ10 ጥይት በላይ አታስተኩሳት። ጆሮዋን ሁለት ጊዜ ሸፍን፦ ውስጥ የሚገባውን፣ ከላይ ደግሞ ትልቁን። ልጆችን ከምቱ ይልቅ የሚያስደነግጣቸው ድምፁ ነው።

ሲስተር ሕይወት፣ ዴንቨር

እኔ አዳኝ አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ስለ ማስቀመጫው ማንም ስላላነሳ ነው የጻፍኩት። ከ700 ዶላሩ ላይ ለብረት ሣጥን ይቀነስ። ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። ከ2021 ጀምሮ በኮሎራዶ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ጠመንጃ ሳይቆለፍ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል። ሩት ጎበዝ ትሁን፣ ካርድ ይኑራት፤ ቁልፉ ግን በአንተ እጅ ይሁን። ታናናሾች አሏት? ጓደኞቿስ ቤት ይመጣሉ? እባክህ ይህን ነገር ቀላል አታድርገው።

ናኦድ፣ አውሮራ

ወንድም፣ አንተስ ካርድ አለህ? ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ያለ አዋቂ ማደን አይችልም። አብሯት የሚሄደውም 18 የሞላው ሆኖ፣ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ከሆነ የአዳኝ ትምህርት መውሰድ አለበት። እሷን ማየትና መስማት የሚችልበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወቅት አምልጦኛል። የፈቃዱ ዕጣ ማመልከቻ የሚዘጋው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው፣ አትዘናጋ። ጠመንጃ ሲገዛም የሦስት ቀን መጠበቂያ አለ፤ የአደኑ ዋዜማ ላይ እንዳትሄድ።

ሥጋውንም አስቡበት። ቤታችሁ ተባርኮ ያልታረደ የማይበላ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ደግሞ የገና ጾም ሕዳር 15 ይገባል፣ አደኑ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ማቀዝቀዣችሁን አዘጋጁ።

ጋሽ ደሳለኝ

አንድ ነገር ረስቼ። ሩቅ አታስተኩሳት። እዚህ እኛ አካባቢ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ያታልላል። እኔ ለልጆቼ የሰጠኋቸው ገደብ 100 ያርድ ነበር። ጆሮዋ እንደ በቅሎ የረዘመችውን አጋዘን ጎኗን እስክትሰጥ ትጠብቅ፣ ከፊት እግሯ ኋላ፣ ከደረቷ ከፍታ ከታች ሲሶው ላይ ታነጣጥር። ካልተመቻት ትተዋት። ሳትተኩስ በመመለሷ ደግሞ አመስግናት።

የሩት አባት

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። በተዋስነው .22 ሞከርናት። በግራ ትከሻዋ ስትይዘው ራሷ «አባዬ፣ ይሄኛው ነው» አለች። ያገለገለ ሳቬጅ አክሲስ .243 የግራ እጅ በ360 ዶላር አገኘሁ። ሰደፉን የጠመንጃ ጠጋኝ አንድ ኢንች አሳጠረልኝ። በተረፈው ሣጥኑን ገዛሁ፣ ሲስተር ሕይወት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ትናንት በ.243ቱ 8 ጥይት ተኮሰች። አምስቱ በ100 ያርድ መዳፌን በሚያክል ክብ ውስጥ ገቡ። ትከሻዋን አየሁት፣ ምንም የለም። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ጀምሬያለሁ፣ ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ናኦድ፣ ያለፉ የፈተና ጥያቄዎች ካሉህ ላክልኝ።