የጎንደር መስመር ቻርጀር፦ ሐሙሲት ይሁን ወረታ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የሕዝብ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ይተከል ቢባል የት ይሻላል? ወይስ ገና ጊዜው አይደለም?

የመስመር ሾፌር፦ እኔ ወረታ ባይ ነኝ። ባሕር ዳር ሞልቶ የወጣ መኪና ጎንደር ይገባል፤ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስጨንቀው የመልስ ጉዞው ነው። ዳገት አለ፣ ሰው ጭነሃል፣ ዓይንህ ከባትሪው መቶኛ ላይ አይነሣም። 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይነዳ ሐሙሲት ላይ የሚቆም ማን ነው? ወረታ ግን የደብረ ታቦር መንገድም የሚገነጠልበት ነው። ሁለቱንም መስመር ያገለግላል።

የሐሙሲት መምህርት፦ ወንድሜ፣ አንተ የምታስበው ለሚያልፈው ሰው ነው፤ እኔ እዚህ ለሚኖረው ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ዓመታት አለፉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። ለእኛ የሚተርፈን በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ብቻ ነው? ባለባጃጆቻችን ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ ሲውሉ የዚያ ቀን ገቢ የለም። የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ሐይቁ ዳር ያለነው ሰዎች ተራችን መጨረሻ ላይ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦ ልጄ፣ ተራ ካነሣሽ፣ እዚሁ ዙሪያችን ምሰሶ ያልደረሰው ሰው አለ። እኔ ጋ መብራቱ ሲደክም ወፍጮው ያጓራና ይቆማል። እናቶች ጤፋቸውን ሳያስፈጩ ተሸክመው ይመለሳሉ። በዚህ ላይ መኪና ይሰካ ነው የምትሉኝ?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ ጋሼ የፈሩት በከንቱ አይደለም። ግን ቻርጀር ሁሉ አንድ አይደለም። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጠው ዝግተኛ ቻርጀር ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ባለ 60 ኪሎ ዋቱ ፈጣን ቻርጀር ግን 17 ምጣድ በአንዴ እንደመጣድ ነው። አቅሙ 100 ኬቪኤ (ለኪሎ ዋት የሚቀራረብ መለኪያ) የሆነ ትራንስፎርመር ላይ ብታስሩት ከአቅሙ ግማሹን በላይ ብቻውን ይበላል። ስለዚህ ፈጣኑ የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረውና ወረታ ይተከል። ለሐሙሲት ዝግተኛው ይበቃል። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሰካ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ይሞላል። በዚያ ሰዓት ወፍጮም ምጣድም የለም። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪማ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

አሁን ሰዉ የሚያደርገውን ደግሞ ልንገራችሁ። ከቤት ሶኬት በቀጭን ኤክስቴንሽን ይስባል። 220 ቮልት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ ያንን ባትሪ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ሰዓት ሲግል የዋለ ሶኬት ፕላስቲኩ ቀልጦ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ። የሕዝብ ቻርጀር ባለመኖሩ አደጋው ቤታችን ገብቷል።

ሾፌሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከሆነ አሁንም ወረታ ይቅደም። መንገድ ላይ ባትሪ ያለቀበት ሰው ከነቤተሰቡ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው።

መምህርቷ፦ ለአንድ ፈጣን ቻርጀርና ለትራንስፎርመሩ የሚወጣው ገንዘብ ስንት ዝግተኛ ይተክላል? ይሄ ሳይሰላ ወረታ ይቅደም አትበል። መኪናው የሚያድርበት ጠባቂ ያለው ግቢም እኛው ጋ አይጠፋም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፦ ስሌቱ የሚጀምረው ካለው ትራንስፎርመር ነው። ጋሼ፣ ወፍጮ ቤትዎ አጠገብ ያለው ላይ ኬቪኤው የተጻፈበት ሳህን አለ። ከታች ሆነው ፎቶ ያንሡልኝ፤ ምሰሶው ላይ ማንም እንዳይወጣ።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦ ነገ ልጄን አስነሥቼ እልካለሁ። ግን ቻርጀሩ ከወፍጮዬ ጋር አንድ መስመር ላይ የሚሆን ከሆነ፣ ቀን ቀን እንደማይሠራ በጽሑፍ ይግባልኝ። በቃል አልቀበልም።