ጃቫስክሪፕት ልያዝ ወይስ ኮትሊን?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክር ለግሱኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይዤ በደንብ ልግፋበት ብዬ የቱ እንደሚሻል ግራ ገባኝ።

ጃቫስክሪፕት ብይዝ ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል በሪአክት፣ ከኋላ ሰርቨር ላይ የሚሠራውን በኖድ፣ ሁለቱንም በአንድ ቋንቋ እሠራለሁ። ግን እዚህ አብዛኛው ሰው የያዘው አንድሮይድ ስልክ ነው። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ኮትሊንን ያስቀድማል። ለኮትሊን ቅርብ የሆነውን ጃቫን ስለምችል ኮትሊን አይከብደኝም። ችግሩ ላፕቶፔ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ ስለሆነ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮን ከፍቼ ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተር ላይ እንደ ስልክ የሚሠራውን መሞከሪያ) ሳስነሳ ቀጥ ይላል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ባትሪው ወዲያው ያልቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ ቶሎ ሥራ የሚያስገኘው የቱ ነው? ሠራተኛ የምትቀጥሩ ካላችሁ ደግሞ፣ መጀመሪያ የምታዩት ዲግሪውን ነው ወይስ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ያለውን ሥራ?